የማስተማሪያ ጥርስ ክሊኒክ እንደገና ስንከፍት፦ የ12 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ኮሌጃችን የአፍና የጥርስ ንጽህና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ክሊኒክ 8 ወንበር አለው። ሁለት ዓመት ተዘግቶ ቆይቷል። እንደገና እንዲከፈት ሲወሰን አስተባባሪው እኔ ሆንኩ። ማስተማሩም አልቀረልኝም።

የምናየው የጤና መድን የሌላቸውን ሰዎች ነው። ምርመራ፣ ራጅ፣ የጥርስ እጥበት፣ ከድድ በታች ጽዳትና ፍሎራይድ እንሠራለን። ክፍያ አንጠይቅም። ሥራውን ተማሪ ይሠራል፣ አስተማሪ ያያል፣ አንድ ተቆጣጣሪ ሐኪም ይፈርማል። መንቀል፣ መሙላትና የሥር ሕክምና እኛ ጋ የለም። ይህን ስጽፍ ቀላል መስሎኝ ነበር። በሳምንት 10 ምን እንዳመጣብን ታያላችሁ።

ሳምንት 1፦ አየርና ውሃ

አየር ከሚያምቀው ማሽን፣ ከኮምፕረሰሩ ጀመርን። ከታንኩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ስከፍት ዝገት የመሰለ ውሃ ወረደ። እርጥብ አየር ቱቦውንም መሣሪያውንም ይበላል። ማጣሪያ ቀየርን። ታንኩን ማታ ማታ ማፍሰስ የተረኛ ተማሪ ሥራ ሆነ። ይህ በግማሽ ቀን አለቀ።

የውሃ መስመሩ ግን አስቸገረን። ወደ ወንበሩ ውሃ የሚያመጣው ቱቦ ቀጭን ነው። ውሃው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሌሊት ደግሞ ይቆማል። ባክቴሪያ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ አተላ ይሠራል፤ ባዮፊልም የሚባለው ነው። እኛን የጠበቀን ሁለት ዓመት የከረመ ባዮፊልም ነበር። ከአራት ወንበሮች ናሙና ላክን። የሚፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 500 የባክቴሪያ ኮሎኒ ነው። ከአራቱ ሦስቱ ወደቁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። "ውሃውን ደህና አድርገን ከለቀቅነው ይታጠባል" አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አስለቀቅሁ። እንደገና ናሙና ላክን፣ እንደገና ወደቀ። ውሃ መልቀቅ የተንሳፈፈውን ያወጣል፤ የተጣበቀውን ንክች አያደርገውም። ይህን እኔ ራሴ ለተማሪ አስተምራለሁ። ሥራ ሲበዛብኝ ግን ቀላሉን መንገድ ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ወንበሮቹን ከቧንቧው ለይተን የየራሳቸው ጠርሙስ እንዲኖራቸው አደረግን። በአምራቹ መመሪያ መሠረት ጠንካራ ማጽጃ ሞልተን አሳደርነው፣ በደንብ አጠብነው፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ የሚጨመር ታብሌት ጀመርን። በሦስተኛው ናሙና አራቱም አለፉ። የቀሩትን አራት ወንበሮችም በዚያው መንገድ አጽድተን አስመረመርን። 9 ቀን ባከነ። የአንድ ዙር የላብራቶሪ ክፍያ ደግሞ በከንቱ ወጣ።

ተማሪዎች ከዚህ ተነስተው በየታካሚው መካከል ውሃ መልቀቁን እንዳይተዉት አስጠነቀቅሁ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መለቀቅ አለበት። ያ ባዮፊልምን ለማጥፋት አይደለም፤ ከታካሚው አፍ ወደ ቱቦው የተሳበ ነገር ካለ እንዲወጣ ነው። የምራቅ መሳቢያውም እንዲሁ ነው። ታካሚው ከንፈሩን ገጥሞ ከሳበው በቱቦው ውስጥ ያለው ወደ አፉ ሊመለስ ይችላል። "ከንፈርዎን አይግጠሙበት" ማለትን ማስለመድ ያስፈልጋል።

ሳምንት 2፦ እርጥብ ፓኬት

ሁለት ኦቶክሌቭ (መሣሪያን በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) አለን። የአንዱ የበር ጎማ ተሰንጥቆ ነበር፤ ተቀየረ። ሁለቱንም በ121 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ሞከርናቸው። ሙቀቱም ግፊቱም ልክ ነው። ሲከፈት ግን መሣሪያ የታሸገባቸው የወረቀት ፓኬቶች እርጥብ ናቸው።

እርጥብ ወረቀት ጀርም ያሳልፋል። ስለዚህ እርጥብ ሆኖ የወጣ ፓኬት እንዳልመከነ ይቆጠራል፤ እንደገና መታሸግ አለበት። ሦስት ቀን ሙሉ አንድን ዕቃ ደጋግመን ስናመክን ቆየን። ማሽኑን ጠረጠርኩ። ቴክኒሻን ጠራሁ፣ ተከፈለው። ማሽኑን ሳይነካ የተደረደረውን ትሪ አሳየኝ። ፓኬቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድመዋል። እንፋሎት የሚያልፍበት ክፍተት የለም፣ ውሃው የሚደርቅበትም የለም።

በጎን የሚያቆም መደርደሪያ ገዛን። ችግሩ በዚያው ቀን ጠፋ። ሆኖም አንድ ዙር 24 ፓኬት ይይዝ የነበረው 14 ብቻ መያዝ ጀመረ። ይህ ማለት ተጨማሪ ዙር፣ ተጨማሪ ዙር ማለት ደግሞ ተጨማሪ የመሣሪያ ስብስብ። 6 ስብስብ ተጨመረ። የመደርደሪያው ዋጋ ኢምንት ነው፤ ያስከተለው ወጪ ግን በዕቅዱ አልነበረም።

ሌላም አለ። ፓኬቱ ላይ ያለው ቀለም ሲቀየር ተማሪዎች "መክኗል" ብለው ያልፉታል። ቀለሙ የሚናገረው ሙቀት እንደነካው ብቻ ነው። ማምከኑን የምናረጋግጠው በስፖር ምርመራ ነው፤ ጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ የተባለውን ሙቀት የሚቋቋም ባክቴሪያ ስፖር አስገብቶ መሞቱን ማየት። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ማሽን። መዝገቡ ከግድግዳው ላይ ተሰቀለ።

ሳምንት 3፦ የዶለዶመ መሣሪያ

ሳጥን ሙሉ የእጅ መሣሪያ ነበረን። በአጉሊ መነጽር ሥር አንድ በአንድ አየናቸው። የተሳለ ጠርዝ ቀጭን መስመር ስለሆነ ብርሃን አይመልስም። የዶለዶመው ግን ክብ ስለሆነ ከመብራቱ ሥር እንደ ነጭ ክር ያበራል። ከ60 መሣሪያ 41ዱ ነጭ ክር ነበራቸው።

በዶልዱም መሣሪያ የሚሠራ ተማሪ ይጫናል። ታካሚው ያመዋል። ካልኩለሱ (ደርቆ እንደ ድንጋይ የጠነከረው ቆሻሻ) ከመነቀል ይልቅ ላዩ ብቻ ይለሰልሳል። ከለሰለሰ በኋላ በመሣሪያ ጫፍ ሲፈለግ አይገኝም፤ የጸዳ ይመስላል። እዚያው ሆኖ ግን ድዱን ማቁሰሉን ይቀጥላል።

መሳሉን ለተማሪዎች ሰጠን። አምስት መሣሪያ ተበላሸ። ምክንያቱ እኔ ነኝ። የግሬሲ ኩሬቶች (ከድድ በታች ካልኩለስ የሚፋቅባቸው የእጅ መሣሪያዎች) በ1930ዎቹ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ክሌይተን ግሬሲ የነደፏቸው ናቸው። እያንዳንዱ ጥንድ ለተወሰነ የጥርስ ጎን ነው፤ 11/12 ለኋላ ጥርሶች የፊት ጎን፣ 13/14 ደግሞ ለኋላ ጎናቸው። የሚቆርጠው አንዱ ጠርዝ ብቻ ነው። ይህን ለሁለተኛ ዓመቶች ደግሜ ሳላስረዳ "ሳሉ" አልኳቸው። ሁለቱንም ጠርዝ ሳሉት። ያልተፈለገው ጠርዝ ስለት ሲሆን ድድ ይቆርጣል።

እንደገና ጀመርን። የመሣሪያው ፊት ከመሬቱ ጋር ትይዩ ይሁን፤ በፊቱና በድንጋዩ መካከል ከ100 እስከ 110 ዲግሪ፤ አጫጭር ምት፤ ሲጨርሱ ወደ ታች። ከዚያ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ መሞከር። ጠርዙ ነክሶ ከያዘ ተስሏል፣ ከተንሸራተተ አልተሳለም። ድምፁም ይለያል፤ የተሳለው ፕላስቲኩን ሲይዝ ቀጭን "ጭር" የምትል ድምፅ አለችው። አንዷ ተማሪ ዓይኗን ጨፍና በድምፁ ብቻ መለየት ጀመረች።

የአልትራሳውንድ ማጠቢያውን (በንዝረት ካልኩለስ የሚነቅለውን መሣሪያ) ጫፎችም ለካን። ጫፉ 1 ሚሊ ሜትር ካለቀ ሩብ ያህል አቅሙ ይቀንሳል፤ 2 ሚሊ ሜትር ካለቀ ግማሹ። ከ12 ጫፍ 7ቱን ጣልን። ከበጀታችን ትልቁ ቁራሽ በዚህ ሄደ። የገንዘብ ክፍሉ "ይሠራሉ አይደል?" ብሎ ጠየቀኝ። ይሠራሉ፤ ግን 20 ደቂቃ የሚበቃው ሥራ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ያን ጊዜ አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው ታካሚው ነው።

ሳምንት 4፦ ምዝገባ

የድሮው ቅጽ አራት ገጽ ነበር። ሁለቱ ስለ ገቢ ይጠይቃሉ፤ ማስረጃም አያይዙ ይላሉ። መጀመሪያ ከደወሉት 20 ሰዎች 9ኙ ማስረጃ ሲባሉ አልተመለሱም። የቀን ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት ከየት ያመጣል?

ከገንዘብ ክፍሉ ጋር ሁለት ጊዜ ተሰበሰብን። መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተስማማን፦ "የጤና መድን የለኝም" የሚልና የሚፈረምበት። የገቢው ሁለት ገጽ ወጣ።

የጤና ታሪኩን ግን አላሳጠርነውም። ደም ማቅጠኛ፣ ስኳር፣ እርግዝና፣ የመድኃኒት አለርጂ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና፤ አንዱም አይዘለልም። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ሰው ከጽዳቱ በፊት አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። ይህን ሳንጠይቅ ድዱን ብንነካው ሕይወቱን ለአደጋ እናጋልጣለን።

እዚህም አንድ ጥፋት ሠራን። ማንበብ ለማይመቻቸው ሰዎች ተማሪ ጥያቄዎቹን እንዲያነብላቸው አደረግን። የት? መጠበቂያው ክፍል ውስጥ። አንዲት እናት ስለ እርግዝናና ስለ ደም ምርመራ ስትጠየቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ተማሪዋ አልሰማኋትም ብላ ጮክ አድርጋ ደገመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጤና ጥያቄ የሚጠየቀው ወንበሩ ላይ፣ መጋረጃው ተዘግቶ ነው።

የስምምነት ቅጹንም በቀላል ቋንቋ ጻፍነው፦ የሚሠራልዎት ተማሪ ነው። ጊዜ ይወስዳል። በማንኛውም ሰዓት "በቃኝ" ማለት ይችላሉ። እምቢ ቢሉም አገልግሎት አይከለከሉም።

ሳምንት 5፦ የመጀመሪያው ቀን

6 ታካሚ፣ 6 ተማሪ፣ 2 አስተማሪ። ለአንድ ሰው 3 ሰዓት መድበናል።

የሦስተኛው ወንበር ታካሚ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። አዳራቸውን ሠርተው በቀጥታ ወደ እኛ መጡ። ካፖርታቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ተማሪው መለካት ጀመረ። በድዱና በጥርሱ መካከል ያለውን ጥልቀት በአንድ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ እንለካለን። 32 ጥርስ ላለው ሰው 192 ልኬት ነው። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኪስ እየተፈጠረ ነው። ተማሪው ለክቶ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ጽፎ፣ ሌላ ጓንት አድርጎ እንደገና ይለካል። 55 ደቂቃ። እሳቸው መሐል ላይ አፋቸው እንደተከፈተ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከዚያ አስተማሪ መጠበቅ። ራጅ። እንደገና አስተማሪ መጠበቅ።

ከተቀመጡ ከ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በኋላ ወንበሩ ቀና ተደረገ። "ልጄ፣ ታጠበ?" አሉት።

"አባባ፣ ዛሬ ምርመራ ብቻ ነው። እጥበቱ በሚቀጥለው ቀጠሮ ነው።"

ዝም ብለው ቆዩ። "እኔ ሳልተኛ ነው የመጣሁት" አሉ። ቁጣ የለበትም። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ተማሪውን አመስግነው ወጡ።

ማታ የስድስቱንም ወንበር የሰዓት መዝገብ አወጣሁ። የሦስተኛው ወንበር ታካሚ ከ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃው 70 ደቂቃውን አስተማሪ ሲጠብቁ ነው ያሳለፉት። አፋቸው ውስጥ ምንም ሳይሠራ። የሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይለይም።

ሳምንት 6፦ ያልመጡት

ከስድስቱ ሁለቱ ብቻ ተመለሱ። ለቀሩት አራት ራሴ ደወልኩ። ፈርተው ወይም ረስተው ይሆናል ብዬ ነበር። አራቱም ስለ ሥራ ነገሩኝ። አንዷ የቤት ሠራተኛ ናት፤ ሁለተኛ ግማሽ ቀን ፈቃድ ብትጠይቅ ትባረራለች። አንዱ የቀረበትን ቀን አይከፈለውም። ጥበቃው ስልክ አላነሡም፤ ተኝተው ይሆናል። ኋላ ራሳቸው ደወሉና "ሌሊት እየሠራሁ ቀን ሳልተኛ አልችልም" አሉኝ።

ማስታወቂያችን ላይ "ነጻ" ብለን ጽፈናል። ለእነዚህ ሰዎች ግን ነጻ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጭ ሰሌዳው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ መጻፍ ጀመርኩ፦ አንድ ታካሚ የመጀመሪያው ጽዳት እስኪሠራለት ስንት ሰዓት ሰጠን? በዚያ ሳምንት መካከለኛው 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነበር፤ ያውም በተመለሱት ሁለቱ ብቻ ሲሰላ።

ሳምንት 7፦ "የጎደለኝ ከባድ ካልኩለስ ነው"

ይህን መጻፍ ይከብደኛል።

አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለቴም "እንደውልልዎታለን" ተብላ ተመልሳለች። ካርዷን አየሁት። ካልኩለሷ ቀላል ነው፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ። ለምን እንዳልተያዘች ተማሪዋን ጠየቅኋት። ሳትደብቅ ነገረችኝ፦ "ቲቸር፣ ቀላሉን ጨርሻለሁ። የጎደለኝ ከባድ ካልኩለስ ነው። ካላገኘሁ አልመረቅም።"

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ተማሪው ለመመረቅ ይህን ያህል ቀላል፣ ይህን ያህል ከባድ አፍ መጨረስ አለበት የሚለውን ደንብ ያወጣነው እኛ ነን። ተማሪው ታካሚ መምረጥ ጀመረ። ከባድ ካልኩለስ ያለው ሰው ሦስት ተማሪ ይሻማበታል፤ ቀላል ያለው ሰው ይመለሳል። ከባዱም ቢሆን አልተጠቀመም፤ አንድ ተማሪ ሙሉ አፉን ብቻውን እንዲጨርስ አራትና አምስት ጊዜ ይመላለሳል።

በአስተማሪዎች ስብሰባ ላይ ደንቡ ይቀየር የሚል ሐሳብ አነሣሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተቃወመኝ፤ ነጥቡም ትክክል ነው። ከባድ አፍ ሳይሠራ የተመረቀ ልጅ ነገ ሰው ይጎዳል። በዚህ ላይ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። እኔ የሙያውን አጀማመር አነሣሁ። አልፍሬድ ፎንስ የተባለው የብሪጅፖርት፣ ኮነቲከት የጥርስ ሐኪም በ1906 ረዳቱን አይሪን ኒውማንን ጥርስ ማጽዳት አሠለጠናት። በ1913 ደግሞ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ተመራቂዎቹ የከተማዋ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ገብተው የልጆችን ጥርስ ያጸዱ ነበር። ሥልጠናው የታሰበው ለእነዚያ ልጆች ነው። እኛ ደግሞ ደንባችንን ስናወጣ ያሰብነው ስለ ተማሪው ብቻ ነበር።

የተስማማነው ይህን ነው። ነጥብ የሚያዘው በሙሉ አፍ ሳይሆን በሩብ አፍ ይሆናል። ከባድ አፍ ለሁለት ተማሪ ይከፈላል፤ አንዱ ቀኙን፣ አንዱ ግራውን ይይዛል። ቀላል የሆነው ታካሚ በዕለቱ ይጨረስለታል። ማንም ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንድ ሩብ አፍ ሳይጸዳለት አይሄድም።

በራጅ ላይም አንድ ደንብ ተጨመረ። አንድ ተማሪ አንዲትን ምስል ሦስት ጊዜ ደግሟት አገኘን። የተማሪ ስህተት በታካሚው ላይ ጨረር ሆኖ ይደመራል። አሁን በአሻንጉሊት ጭንቅላት ላይ ያላለፈ ተማሪ ታካሚ አያነሣም። አንድ ምስል ከተበላሸ የሚደግመው አስተማሪው ነው። ለተማሪ መለማመጃ ተብሎ የሚነሣ ራጅ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ሳምንት 8፦ አስተማሪ የመጠበቅ ሰልፍ

70ውን ደቂቃ ያዝነው። ምክንያቱ ሲታይ ቀላል ነው፤ ሁሉም ተማሪ በአንድ ሰዓት ስለሚጀምር ሁሉም በአንድ ሰዓት እጁን ያነሣል። ሁለት አስተማሪ ለስምንት ወንበር አይበቃም።

መጀመሪያ ሦስተኛ አስተማሪ ጠየቅሁ። በጀት የለም ተባልኩ። ከዚያ አጀማመሩን በ20 ደቂቃ አለያየነው። ሁለት ወንበር ይጀምራል፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሁለት፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። በየወንበሩ ቀይና አረንጓዴ ካርድ ተቀመጠ፤ ቀይ "አስተማሪ እፈልጋለሁ" ማለት ነው። ልኬቱን ሁለት ተማሪ አብረው ይሠሩታል፤ አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ይጽፋል። 55 ደቂቃ የነበረው ወደ 28 ወረደ። አስተማሪ መጠበቁ ወደ 25 ደቂቃ።

ሰሌዳው ላይ፦ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።

የማታ ክፍለ ጊዜም በሳምንት አንድ ቀን ጀመርን። ለጊዜው እኔና አንድ ባልደረባዬ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ይዘነዋል። በዚህ አኳኋን ብዙ አይዘልቅም፤ ክፍያው እንዲታሰብ ለኮሌጁ አመልክተናል።

ሳምንት 9፦ ትንሹ ጨርቅ

የደም ግፊቱ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ዕለቱን አይሠራለትም፤ ወደ ሐኪም ይላካል። በአንድ ሳምንት ሦስት ሰው መለስን። አንዷን እናት ስናሰናብታቸው ክንዳቸው ላይ ቀይ ምልክት አየሁ። የሚጠመጠመው ጨርቅ ጠቧቸው ጠርዙ ሰንበር አውጥቶባቸዋል። ጨርቁ ከክንዱ ካነሰ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ያለን አንድ መጠን ብቻ ነው።

"እናቴ፣ አንዴ ይመለሱልኝ" ብዬ ከመውጫው መለስኳቸው። ከተቆጣጣሪው ሐኪም ቢሮ ትልቁን አምጥተን፣ አምስት ደቂቃ አስቀምጠን፣ እግራቸው መሬት ረግጦ፣ ክንዳቸው በልባቸው ልክ ተደግፎ ሁለት ጊዜ ለካን። 188/112 የነበረው 156/94 ሆነ። አሁንም ከፍ ያለ ስለሆነ ሐኪም እንዲያዩ ተጻፈላቸው፤ እጥበቱ ግን በዕለቱ ተሠራ። ከዚህ በፊት የመለስናቸውን ሁለት ሰዎች ጠርተን እንደገና ለካናቸው። አንዱ እውነትም ከፍተኛ ነበር። የሌላው ችግር ያው ጨርቁ ነው፤ ቀኑን ያለ ምክንያት አቃጠልንበት።

ትልቅና ትንሽ ጨርቅ ለየወንበሩ ተገዛ። ከገዛነው ሁሉ ርካሹ ይህ ነው።

ሳምንት 10፦ የምላስ ጎን

ምርመራ ላይ ምላስን በፋሻ ጨርቅ ይዞ ወደ ጎን ስቦ ጠርዙን ማየት ግዴታ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ ነው። አንዷ ተማሪ አልዘለለችውም። በግራው ጎን የጥፍር ያህል ቁስል፣ ዙሪያው ጠንከር ያለ። "ሁለት ወር ሆነው፤ የተሰበረ ጥርሴ እየፋቀው ነው" አላት ሰውየው። ሊሆን ይችላል። ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት። ተማሪዋ ቀዩን ካርድ አቆመች። ሐኪሙ መጣ፣ ስለቱን ጥርስ አለሰለሰው፣ የመላኪያ ወረቀት ጻፈ።

ወዴት ይላክ? መልስ አልነበረኝም። ስንከፍት ውሃውን፣ ኦቶክሌቩን፣ ቅጹን አሰብኩ። ልናክመው የማንችለው ነገር ስናገኝ ሰውየውን የሚቀበልልን ቦታ ግን አላዘጋጀሁም። መድን የሌለውን ሰው ወረቀት ሰጥቶ በር ላይ መሸኘት መላክ አይባልም። ቦታ እስኪገኝ 11 ቀን ስልክ ስደውል ቆየሁ። በእያንዳንዱ ቀን ሰውየውን አስብ ነበር። ናሙናው ተወሰደ። ውጤቱ የእሱ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ከአንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ጋር በወር ሁለት ቦታ የሚይዝ የጽሑፍ ስምምነት አለን። ለመንቀል ደግሞ ሌላ። ይህን ክሊኒክ እንደ አዲስ ብጀምረው ኮምፕረሰሩን ከመክፈቴ በፊት ይህን እፈራረም ነበር።

ጥርስ ማስሞላት ለማይችሉ ሰዎች ሌላ ነገር ሞከርን፤ 38 በመቶ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ። ያለ መሰርሰሪያ ይቀባል፣ የተበላውን ጥርስ ባለበት ሊያቆመው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የተቀባው የበሰበሰ ቦታ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሳይነካ በፊት ፎቶ እናሳያለን። አንዲት ወጣት ለመንጋጋ ጥርሷ ተቀበለች፣ ለፊት ጥርሷ እምቢ አለች። እንዳለችው ተደረገላት።

ሳምንት 12፦

ለጥበቃው ሠራተኛ እንደገና ደወልኩ። የማታው ክፍለ ጊዜ ይመቻቸዋል ብዬ አስቤ ነበር። ማታ ሥራ እንደሚገቡ አስታወሱኝ። "ጠዋት ከሥራ ስወጣ፣ ቶሎ ከሆነ" አሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ ወንበር ከፈትን፤ የአንድ ሩብ አፍ ቀጠሮ፣ ከ75 ደቂቃ የማይበልጥ።

ትናንት መጡ። ያው ተማሪ ነው የያዛቸው። መሣሪያውን ፕላስቲኩ ላይ ሞክሮ ጀመረ። የቀኝ የታችኛው ጎን ነው፤ ከሁሉም የጠለቀው ኪስ 6 ሚሊ ሜትር ያለበት። አደንዝዘን ሠራን። በ68 ደቂቃ አለቀ። መስታወት ሰጣቸው። ከፊት ጥርሳቸው ጀርባ ድልድይ ሠርቶ የነበረው ካልኩለስ ስለሌለ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ይታያል። ምላሳቸውን ደጋግመው አስጠጉበት። "የሆነ ነገር ጎድሎኛል" አሉ። ተማሪው የጎደለው ምን እንደሆነ ከትሪው ላይ አሳያቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

ሦስት ሩብ ይቀራል። የሚቀጥለው ቀጠሮ በሳምንቱ፣ ጠዋት 1 ሰዓት። ከዚያ በፊት ሁለት ጫፍ መቀየር አለብን፤ አንዱ ዛሬ ሲለካ 2 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው።